ካፏጨ በርቷል

የዚያን ጁምዓ ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብለው በሶፉ የተሰለፈው ሰጋጅ ሁሉ እጁን ወደ ጆሮው ከፍ ሲያደርግ፣ ከኋላ በኩል አንድ ነገር «ጢይይይ» ብሎ ጮኸ። ሰላት ላይ ዞር አይባልም፤ ሰው ሁሉ አንገቱን እየበላው ቻለው። ለሩኩዕ ሊያጎነብሱ እጅ ሲነሳ ደግሞ ጮኸ። አሰላመው እንደጨረሱ አንዱ፣ «የማን ስልክ ነው? በአላህ ቤት!» ብሎ ጦፈ። ኑርዬ ኮፊያውን እስከ ቅንድቡ አወረደና ጫማውን ፍለጋ ወጣ። ስልክ አልያዘም ነበር። የጮኸው ጆሮው ነው።

ማዳመጫው ከደሴ የመጣ ነው። ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል ባቄላ የምታክል ነገር ናት፤ ከእሷ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይገባል። የሰጡት ጦርነቱ ጆሯቸውን የወሰደባቸውን ሰዎች የሚፈልጉ በጎ አድራጊዎች ናቸው። የገጠመችለት ልጅ እግር ባለሙያ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቀስ እያለች ነበር ያስረዳችው። «አባቴ፣ መጀመሪያ ቤትዎ ውስጥ፣ ጸጥ ባለበት ይልመዱት። ውኃ ሲነኩ ያውልቁት። በጣም ከደከመዎ የባትሪዋን ክዳን ከፈት ያድርጉ፣ ይጠፋል፤ ግን ልማድ እንዳያደርጉት። መሥራቱን ለማወቅ መዳፍዎን ጆሮዎ ላይ ክድን ነው። ካፏጨ በርቷል።» ሰላት ላይ እጅ ወደ ጆሮ እንደሚነሳ አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃት።

ኑርዬ ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ጥቅምት ጦርነቱ ሲመጣ ልጁን ሀኒያን ከዘመድ ጋር ወደ ገጠር ሰደዳትና እሱ ቤት ሊጠብቅ ቀረ። ቤት መጠበቁ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው፤ የሚጠበቅ ነገር ቢኖር መረቡና ታንኳው ነበር። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ውስጥ ከባድ መሣሪያ ተጠምዶ ሲተኮስ ሰነበተ። የመጨረሻው ሲተኮስ ኑርዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ ሲወጣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የላቸውም።

ሰው ሲደነቁር ዘመዱ ሁሉ ጠበቃ ይሆንበታል። ኑርዬን የገደለው ይሄ ነው። ሚስቱ ከጦርነቱ በፊት ሞታለች፤ ቤቱ ውስጥ እሱና ሀኒያ ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ አብዱልከሪም ውጫሌ እህል የሚነግድ፣ ቁርጥ ያለ፣ ደግ ቢሆንም ደግነቱን በትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ነው። እየመጣ ከኑርዬ ራስ በላይ ያወራል፣ ከራሱ በላይ ይወስናል። ኑርዬ መሐል ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል። ሰው ሲስቅ ይስቃል። ሰው ዞሮ ሲያየው «እሺ፣ እሺ፣ ይሁን» ይላል። በዚህች በ«እሺ» ብቻ ወራት ኖረ፤ ብዙ ሰው መስማት አለመስማቱን እንኳ አላወቀበትም።

ማዳመጫው ሲመጣ ታዲያ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባበት። የራሱ ጫማ ኮቴ የሚከተለው ሰው መሰለው። የራሱ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጠጠር የሚደፉበት መስሎት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ይባላል፤ የተረተው ሰው ማዳመጫ ሳያደርግ አልቀረም።

ያለማመደችው ሀኒያ ናት። ሀኒያ ደሴ ጤና ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ጦርነቱ አቋርጧት ቤት ውላለች። ጓዳውን ከሳሎኑ በሚለየው መጋረጃ ጀርባ ትቆምና መጀመሪያ «አባ፣ አፏጭልኝ!» ትላለች። እሱ መዳፉን ጆሮው ላይ ይከድናል፤ ጢይ! «በርቷል» ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ቃል ትጥላለች፤ ታንኳ፣ ሽሮ፣ ግሸን። እሱ ይደግማል። ሲሳሳት ከመጋረጃው ጀርባ ትንከተከታለች። ኑርዬ ሳቋን ለመስማት ሲል እያወቀ የሚሳሳትበት ጊዜ ነበር። በዚያ መጋረጃ ፊት ሲቀመጥ ደንቆሮም ሸክምም አልነበረም፤ አባት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልለመደውም። ሐምሌ ገብቶ ከአምባሰል ተራሮች በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ነጎድጓድ ይሁን መድፍ ጆሮው አይለይለትም። ሌላው ሰው ደመና አይቶ ይለየዋል። ኑርዬም ደመናውን ያያል፣ ልቡ ግን አያምንም። ደረቱ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ያኔ አውራ ጣቱ ሳያዘው ወደ ጆሮው ጀርባ ይሄድና ክዳኗን ከፈት ያደርጋል። ዓለም ጸጥ ይላል። ማዳመጫው ግን ጆሮው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ያየው ሁሉ ይሰማል ብሎ ያስባል።

አብዱልከሪም የጋብቻውን ነገር ያመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የጓደኛው የሀሚዱ ልጅ ጁማ፣ ውጫሌ ሱቅ ያለው፣ ቁጥብ ወጣት ነው። «ጊዜውን ታያለህ» አለው ወንድሙን፣ ጓዳ ያለችው ሀኒያ እስክትሰማ እየጮኸ። «ነገ የሚሆነው አይታወቅም። ሴት ልጅ ባል ቤት ብትሆን ነው የሚሻል።» ኑርዬ ይህ ክፉ ምክር አልመሰለውም። ባለፈው ጦርነት በሴት ልጆች ላይ የደረሰውን የማያውቅ አባት ሐይቅ ከተማ ውስጥ የለም። ልጁን ገጠር ለገጠር ያስደበቀበት ወር አሁንም ከሐሳቡ አልወጣም። «እሷንም ልጠይቅ» አለ። አብዱልከሪም ሳቀ። «ጠይቃት። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ኒካህ ሲታሰር ልጁን የሚድረው ወሊ የሚነገረውን መስማት አለበት። አንተ ካቃተህ እኔ እወከልልሃለሁ።»

ይቺ ቃል ኑርዬን እንቅልፍ ነሳችው፤ ሀኒያንም ዛሬ ነገ ሲል ሳይጠይቃት ሰነበተ። ልጁን ራሱ መዳር ብቻ ነበር የቀረው። ይህንንም ከተነጠቀ ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ አሮጌ ሣጥን ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሀኒያ ብርሃን ፍለጋ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ ዓሣ ትበልታለች፤ እሱ ውስጥ ሆኖ መረብ ይጠግናል። ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ከሩቅ አጉረመረመ፣ ከዚያ ቤቱን አንቀጠቀጠው። ኑርዬ አልቻለም፤ ክዳኗን ከፈታት። ጸጥታው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ፈሰሰበትና ዐይኑን ጨፈነ።

ሲገልጠው የሀኒያ ትከሻ ይንቀሳቀሳል። ቢላዋዋን አስቀምጣለች። እያወራች ነው። ብዙ፣ ሳታቋርጥ፣ ወደ ውጭ እያየች ታወራለች። ኑርዬ እጁን ወደ ክዳኗ ሰደደ፤ ሰማዩ ብልጭ ሲል ግን መለሰው። አሁን ይበቃታል፣ አሁን ይበቃታል ሲል ትከሻዋ ቆመና ዞረች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። መልስ ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ልጄ፣ አልሰማሁሽም» ቢል ምን ይጎዳዋል? ምንም። ኑርዬ ግን ወራት የኖረባት ቃል ከአፉ አመለጠች። «እሺ ልጄ» አለ። «ይሁን። አላህ ኸይሩን ያምጣው።»

ሀኒያ ተነሥታ መጣችና ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመችው። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየ ቆይቷል። እሱም ደስ አለው፤ ምን እንዳስደሰተው ግን አላወቀም።

ጭንቁ የጀመረው ማታ ሊተኛ ሲል ነው። ምንድን ነው ያልኩት እሺ? ስለ ጁማ ይሆን? ወዳዋለች ማለት ነው? ወይስ ስለ ትምህርቷ ነው? ጠዋት ታንኳው ላይ ሆኖ መረቡን እየሳበ ያንኑ ያወጣል፣ ያንኑ ያወርዳል። ከንፈሯን አይቶ ቢሆን ሁለት ቃል ባነበበ ነበር፤ ያየው ግን ጀርባዋን ነው። እንዳይጠይቃት፣ ማዳመጫውን እያጠፋ ይሰማል መስሎ እንደሚቀመጥ ሊነግራት ነው። ይሄ ደግሞ አብዱልከሪም ጆሮ ከገባ ወሊነቱ አበቃ። ዛሬ እጠይቃታለሁ ይላል፣ ቤት ሲገባ ምላሱ ይተሳሰራል። አንድ ጊዜ ብልጥ ልሁን አለና፣ «ያ ያልሽኝ ነገር... እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» አላት። እሷም ፈገግ ብላ፣ «አንተ እንዳልከው ነዋ አባ። ያልኩህን ታውቃለህ» አለችው። ብልጠቱ እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ አብዱልከሪም ሸህ ሙሐመድሁሴንን ይዞ መጣ። ሸህ ሙሐመድሁሴን ኒካህ የሚያስሩ፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሻይ ቀረበ። ሸሁ ወሬ ይዘው ሳለ ወደ መስኮቱ ዞር አሉና፣ እንዲያው በለሆሳስ፣ «ኑርዬ፣ ዘንድሮ ሐይቁ እንዴት ነው?» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል ሸሆቼ» አለ ኑርዬ።

«ማሻአላህ! ይሰማል እኮ!» ብለው ሸሁ በሳቅ ወንድሙን አዩት። «ወሊዋ ራሱ ነው። ምን ሌላ ትፈልጋለህ?»

ኑርዬ ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ ወንድሙ ቀጠለ። «እንግዲያማ ቀን እንቁረጥ። ነሐሴ ውስጥ ይታሰርና ድግሱ ሰላም ሲሆን ይደርሳል። ምን ትላለህ?» ሀኒያ የሻይ ሳህን ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ አባቷን ታየዋለች። ዐይኖቿ አንድ ነገር ይጠብቃሉ። ኑርዬ የምትጠብቀው ይሄንኑ መሰለው። «ኢንሻአላህ» አለ።

ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ጠፋ። ሳህኑን አስቀምጣ መጋረጃውን ከኋላዋ ጣለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ቀረ። «አፏጭልኝ» የሚል የለም። ምሳ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ የተጠየቀችውን ትመልሳለች። ቤቱ ውስጥ መድፉ ካደነቆረው ጊዜ የባሰ ጸጥታ ገባ፤ የዚህኛው ክዳን ደግሞ በኑርዬ እጅ አልነበረም። የሆነ ነገር ማጥፋቱን አሁን አውቋል። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ለመጠየቅም በየቀኑ ይበልጥ ፈራ። የዛሬ ሳምንት መጠየቅ ቀላል ነበር። ዛሬ ስለ ጠፋው ማዳመጫ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝምታውም ሊጠየቅ ነው። ወፈፍ እንዳደረገው ሰው ታንኳው ላይ ብቻውን ያወራ ጀመር።

ነሐሴ ሲጋመስ ጦርነቱ ቆቦ በኩል እንደገና ተነሣ ተባለ። ሰው የጫኑ መኪኖች ሐይቅ ከተማን አቋርጠው ወደ ሰሜን ይከንፋሉ። ሰው ዱቄት ያስፈጫል፣ ስልክ ይደውላል፣ ጓዙን ያስራል መልሶም ይፈታል። የጁማ ወገኖች «መንገድ ሳይዘጋ» ብለው ደወሉና ኒካሁ ከቀኑ ቀደመ።

ድንኳን የለ፣ ድቤ የለ። ወንዶቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሀኒያ ከሴቶቹ ጋር መጋረጃው ጀርባ ሆነች። ውጭ ሰማዩ ያጉረመርማል። ኑርዬ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ክዳኗን ገጥሞ ተቀምጧል። በየነጎድጓዱ አውራ ጣቱ ይነሣና ጉልበቱን ጨብጦ ያስቀረዋል።

እንደ ደንቡ አብዱልከሪምና የሙሽራው አጎት ወደ መጋረጃው ተጠጉ። «ሀኒያ፣ አባትሽ ለሀሚዱ ልጅ ለጁማ ኒካህ ሊያስርሽ ነው። ወደሻል ወይ?» አላት አብዱልከሪም። መልስ የለም። ደግሞ ጠየቃት። አሁንም የለም። ያላገባች ልጅ ታፍራለች፣ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። «አልሐምዱሊላህ፣ ዝም ብላለች!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ኑርዬ ጆሮ ውስጥ እንደ ወስፌ ገባ።

ሸህ ሙሐመድሁሴን የኑርዬንና የጁማን ቀኝ እጅ አገናኝተው በነጠላ ሸፈኑት። የጁማ መዳፍ ላብ ነበረው። «በል ኑርዬ፣ ከኔ ኋላ በል» አሉት።

ኑርዬ አልጀመረም። ዝም ብላለች ይላሉ። እሱ ራሱ ስንቱ ፊት ዝም ብሏል? ስንቱን ሳይሰማ ራሱን ነቅንቋል? እሺ የሚባል ነገር ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ጉልበቱን የሳመችበት፣ ከዚያ ፊቷ የጠፋበት፣ አሁን ደግሞ ይሄ ዝምታ። ልቡ ነጎድጓዱን ሲሰማ እንደሚመታው መታ። እጁን ከነጠላው ሥር አወጣ።

«አውፍ በሉኝ ሸሆቼ። ልጄን አልሰማኋትም» አለ።

«ዝምታ ምኑ ይሰማል?» አለ አብዱልከሪም።

«ዛሬ አይደለም። ያን ለት» አለ ኑርዬ። ሰው ሁሉ ያየዋል። «ሐምሌ ላይ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ማሽኑን ነጎድጓድ ፈርቼ አጥፍቼው ነበር። ሳልሰማ ነው እሺ ያልኳት።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ፤ ኑርዬ ያንንም ሰማ።

ተነሥቶ መጋረጃው ሥር ሄዶ ተንበረከከ።

«ሀኒያ፣ ያን ለት የነገርሽኝን አልሰማሁም። ወላሂ አንዲት ቃል አልሰማሁም። አፈር ስሆን ድገሚልኝ።»

ሀኒያ በጣም ዝቅ ባለ፣ በተቆጣ ድምፅ፣ «አሁንስ እንደሰማኸኝ በምን አውቃለሁ?» አለች።

ኑርዬ ኮፊያውን አውልቆ መዳፉን ጆሮው ላይ ከደነ። ጢይይይይ አለ ቤቱ። ጁምዓ ለት ያሳፈረችው ፉጨት፣ አሁን ሰው ሁሉ እያየው፣ ሳይቸኩል አስጮኻት።

ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ ሰማ። ሲወጣም ሲገባም።

«ጁማን አልጠላሁትም አልኩህ» አለች። «ክፉ ሰው አይደለም። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ትምህርቴን ልጨርስ። ለአጎቴ እንቢ የምልበት አፍ የለኝም፤ አንተ በልልኝ አልኩህ። ከአንተ ሌላ የሚሰማኝ የለም አልኩህ። አንተም እሺ አልከኝ።» ከዚያ አለቀሰች።

ኑርዬ ግንባሩን መጋረጃው ላይ አስደግፎ ቆየ። ጦርነቱ እየመጣ እንደሆነ ያውቃል። ልጁ የምትጠለልበትን በር በገዛ እጁ እየዘጋ እንደሆነም ያውቃል፤ እጅግ ፈርቷል። ግን እሺ ብሏታል። ተነሥቶ ወደ ወንዶቹ ዞረ።

«ልጄ አልወደደችም። ወሊዋ እኔ ነኝ፤ አላስርም።»

ሸህ ሙሐመድሁሴን ነጠላውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ሳትወድ የሚታሰር ኒካህ የለም» አሉ፤ ከዚያ ሌላ አልጨመሩም። ጁማ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አለ። አባቱ ሀሚዱ ግን ጫማውን እያጠለቀ ያልተናገረው የለም። ቤት ሙሉ ሰው አዋርደሃል አለው። ደንቆሮ ቤት መምጣታችን የኛ ጥፋት ነው አለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን የኑርዬ ጆሮ ስለ ራሱ የተባለውን አንድም አላሳለፈም።

አብዱልከሪም የወጣው ከሁሉም ኋላ ነው። ፊቱ ቀልቷል። «ነገ መንገድ ሲዘጋ፣ ያ ቀን ሲመጣ፣ ይቺን ልጅ የት ትደብቃታለህ?» አለው። «ደንቁረህ ብትቀር ይሻልህ ነበር!»

ቃሉ ገባ፤ የገባበትም ሥፍራ ታወቀው። ውጭ ሰማዩ ደግሞ አጓራ። የኑርዬ አውራ ጣት ተነሥቶ ከጆሮው ጀርባ ደረሰና ክዳኗን ነካት። እዚያው ቆየ። ከዚያ እጁን አወረደና የወንድሙን ኮቴ እስከ አስፋልቱ ሰማው፤ የመኪናው በር ሲመታ ሰማው፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱት መኪኖች ሲያልፉ ሰማቸው።

ሰዉ ሁሉ ሄዶ ቤቱ ሲቀር፣ እሱ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ በሩን እያየ ተቀምጦ ነበር።

«አባ» አለች ሀኒያ ከጀርባው፣ ድምፅዋን እንደ ጨዋታቸው ጊዜ ዝቅ አድርጋ።

«አቤት» አለ፣ ሳይዞር።